ፈላጩ መጣ፣ ቆራጩ ቀረ፦ ስለ እንጨት መፍለጫ ማሽን የሚወራውና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ፍልጥ የማይፈልግ ሰፈር የለም። እንጀራ ጋጋሪው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ድግስ የደገሰው ሁሉ እንጨት ያነዳል። ድሮ ይህን ሁሉ የሚያቀርበው መጥረቢያ የያዘ ሰው ነበር። አሁን አሁን ግን ከአጥር ጀርባ የሞተር ድምፅ ይሰማል። አንዳንዱ ማሽን ከውጭ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ እዚሁ ብየዳ ቤት የተሠራ።

ጎረቤቴ እትዬ እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎች ያስረክባሉ። የመፍለጫ ማሽን ለመግዛት አስበው ምክር ጠየቁ። ሰፈሩ መካሪ አያጣም። ከሰሙት ምክር ግን ግማሹ ልክ አልነበረም።

«ማሽን ካለ ሰው አያስፈልግም»

ስለዚህ ማሽን ሲወራ «ፈላጭ ቆራጭ ነው» ይላሉ፣ እየቀለዱ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ግን ማሽኑ መፍለጥ እንጂ መቁረጥ አያውቅም። ግንዱ አስቀድሞ በቼይንሶ (በሞተር መጋዝ) እኩል እኩል መቆረጥ አለበት። ከዚያ ማንሣት፣ ማሽኑ ላይ ማስቀመጥ፣ ፍልጡን መልቀም፣ መደርደር አለ። ማሽኑ የሚተካው የመጥረቢያውን ምት ብቻ ነው።

እትዬ ለሙከራ ለአንድ ቀን ሲከራዩ ሰዓት ይዤ ተቀመጥኩ። በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። እንጨቱን የሚሰነጥቀው ሽብልቅ ሄዶ እስኪመለስ 15 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ ግን ጉማጁን ከክምሩ መዝዞ፣ አገላብጦ፣ አንጓው የት እንዳለ አይቶ እስኪያስቀምጥ ግማሽ ደቂቃ ያልፋል። ማሽኑ እያጓራ ይጠብቀዋል። ቤንዚኑ ግን አይጠብቅም።

ከምሳ በኋላ ክምሩን ወደ ማሽኑ አስጠጋነው። ጎንበስ እንዳይል ጉማጁን በወገቡ ልክ ሳንቃ ላይ ደረደርንለት። ሥራው ወዲያው ፈጠነ። ሞተሩን ማንም አልነካውም።

«ቶኑ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ቁጥር ቶን ነው፤ ሽብልቁ እንጨቱን የሚገፋበት ጉልበት ማለት ነው። ቁጥሩን ግን ራሳችሁ ልታወጡት ትችላላችሁ። ሽብልቁን የሚገፋው ፒስተን 10 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ካለው ፊቱ 78.5 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ዘይቱ በ200 ባር ግፊት ቢገፋው እያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 204 ኪሎ ያህል ያርፋል። ብታባዙት 16 ቶን ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ «30 ቶን» የሚል ስቲከር ካያችሁ፣ ተጨማሪው 14 ቶን ያለው ስቲከሩ ላይ ነው።

ጉልበት ደግሞ በነፃ አይመጣም። ፒስተኑ የሚሄድበት ሲሊንደር በወፈረ ቁጥር የሚሞላው ዘይት ይበዛል። ፓምፑ ያው ከሆነ ሽብልቁ ይንቀረፈፋል። ጥሩዎቹ ማሽኖች ባለ ሁለት ደረጃ ፓምፕ አላቸው። ሽብልቁ እንጨቱን እስኪነካ ይፈጥናል፤ ሲነካ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበት ይጨምራል። እትዬ የሚገዙት ባሕር ዛፍ ከጭን አይወፍርም። ለእሱ 16 ቶንም ይተርፋል።

«ካርቶኑ ላይ 7 የፈረስ ጉልበት ካለ 7 ነው»

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ የቤንዚን ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ሰባቱ ፈረስ እዚህ ሲደርስ ስድስት ገደማ ሆኗል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ ችግር የለበትም። የእሱ ችግር መብራት ሲሄድ ነው፤ ያንን ለእናንተ አልነግራችሁም።

«መጀመሪያ ይድረቅ፣ ከዚያ ይፈለጣል»

ባሕር ዛፍ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እርጥቡ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። የድሮ ፈላጮች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። በደረቀ ጉቶ ላይ መጥረቢያው የነጠረበት ሰው መቼም አይረሳውም። በማሽንም ያው ነው፦ ደረቅ ጉማጅ፣ በተለይ አንጓ ያለው፣ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ አንዳንዴም ተፈናጥሮ ይወጣል።

ሌላም ምክንያት አለ። ከግንድ ውስጥ ውኃው በብዛት የሚወጣው በተቆረጠው ጫፍና በተፈለጠው ገጽ በኩል ነው። ቅርፊቱ ይዞ ያስቀረዋል። ለዚህ ነው ወራት ሙሉ ግቢ ውስጥ የተጋደመ ግንድ ሲፈለጥ ውስጡ እርጥብ ሆኖ የሚገኘው። ቅደም ተከተሉ መቁረጥ፣ ወዲያው መፍለጥ፣ ከዚያ ማድረቅ ነው።

«እርጥብ እንጨት ቀስ ብሎ ስለሚነድ ይበረክታል»

ይህን እትዬ ራሳቸው ያምኑበት ነበር፤ ብዙ ጋጋሪዎችም እንዲሁ። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። 10 ኪሎ ስትገዙ 5 ሊትር ውኃ አብራችሁ ገዛችሁ። እሳቱ ምጣዱን ማጋል ብቻ ሳይሆን ያንን 5 ሊትር ማትነን አለበት።

በቁጥር እንየው። ውኃው ወደ 20 ከመቶ የወረደ እንጨት በኪሎ ከ14 እስከ 15 ሜጋጁል ሙቀት ይሰጣል። ግማሹ ውኃ የሆነው 8 ገደማ ነው። ቀስ ብሎ የሚነደው ስለታፈነ ነው እንጂ ስለቆጠበ አይደለም። የሚወጣው ጭስ ደግሞ ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው፤ ብር ከፍላችሁበት ዓይናችሁና ሳንባችሁ ውስጥ የሚገባ።

መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ፍልጥ አጋጩ። የደረቀው «ቃ» ይላል፤ እርጥቡ «ድፍ»። ጫፉ ላይ መሰነጣጠቁንም እዩ።

«ጓንት ካደረግህ ምንም አትሆንም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ብየዳ ቤት የሚሠራው መፍለጫ ብዙውን ጊዜ እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት ሾጣጣ ብረት ነው። ሞተር ያሽከረክረዋል። እንጨቱን ስታስጠጉለት እየሰረሰረ ይገባና ለሁለት ይከፍለዋል። ዋጋው ይቀላል፤ ሲሠራ ማየቱም ደስ ይላል። ግን የሚሽከረከር ብረት ጨርቅ ይወዳል። ጓንት፣ ነጠላ፣ የሹራብ እጅጌ፣ የኢርፎን ገመድ አይመርጥም። ጨርቁን ሲይዝ እጅ ተከትሎ ይሄዳል።

አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁት ልጅ ዕድለኛ ነበር። የጓንቱ ጣት ላይ የተተረተረ ክር ነበር። ሾጣጣው ክሩን ያዘው። ጓንቱ ለእጁ ሰፊ ስለነበር ተመንጭቆ ወጣ። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አጣብቆ ቆመ። ጓንቱ ብረቱ ላይ እንደ ጥምጥም ተጠቅልሎ ይዞራል። ማጥፊያው ግድግዳው ላይ ነበር፣ አራት እርምጃ ርቆ። እጁ ቢያዝ ኖሮ በምን ይደርስበታል?

ስለዚህ ሾጣጣ ላይ ጓንት አይደረግም፤ የሚንዘላዘል ልብስም አይለበስም። ማጥፊያው በእግር ወይም በጉልበት የሚመታበት ቦታ ይሁን።

በሃይድሮሊኩ ላይ ጓንት ችግር የለውም። የእሱ አደጋ ሌላ ነው። አንዱ እንጨት ይይዛል፣ ሌላው ማንሻውን ይጫናል። «ሁለት ሲሆኑ ይፈጥናል» ይላሉ። «ያዝ» እና «ልቀቅ» በሞተር ጩኸት መሐል ይምታታሉ። እንጨት ያስቀመጠው ሰው ራሱ ማንሻውን ይያዝ። አንዳንድ ማሽን ሁለት እጀታ ያለው ሁለቱም እጆች ከሽብልቁ እንዲርቁ ነው። አንዱን እጀታ በላስቲክ አስረው የሚሠሩ አይቻለሁ። ምን እንደምላቸው አላውቅም።

«ዘይት ያው ዘይት ነው»

አይደለም። ከጋራዥ የመጣ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ አለ፤ ሃይድሮሊኩ ውስጥ ከጨመራችሁት ፓምፑን ይበላዋል። ቼይንሶም ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀል የራሱ የቱ ስትሮክ ዘይት አለው። ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ በሚለው ልክ ከሆነ፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ነው።

ከሃይድሮሊክ ቱቦው ዘይት ካፈሰሰ ቀዳዳውን በእጅ አትዳብሱ፤ ካርቶን አስጠጉለት። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ የመርፌ ነጥብ ያህል ቢሆንም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

«ዝናብ ከነካው አበቃለት»

ዝናብ የደረቀ ፍልጥን የሚያረጥበው ከላይ ከላዩ ነው። ቶሎ ይመለሳል። እንጨቱን የሚያበላሸው በላስቲክ ጥቅልል አድርጎ መሸፈን ነው፤ ውስጡ ያልበዋል። ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጉት። ከላይ ብቻ ክደኑት። ጎንና ጎኑ ክፍት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሣው ነፋስ ቀሪውን ይሠራል።

እትዬ ማሽኑን አልገዙም። በወር አንድ ቀን ይከራዩታል። የገዙት ስምንት ቆርቆሮ ነው።