ሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት፦ ገለጻ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ገለጻ አንድን ጉዳይ ለተሰበሰበ ሰው በተወሰነ ሰዓት ማስረዳት ነው። ቢሮና ካምፓስ ውስጥ «ፕረዘንቴሽን» ይሉታል። በከተማዋ ዳር ዳር፣ ከጀሞ እስከ አያት፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ለገጣፎ፣ ገለጻ የሌለበት ሳምንት የለም። ቂሊንጦ አካባቢ ባለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው የመመረቂያ ሥራውን ለፈታኞች ያቀርባል። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ እሁድ ጠዋት ሒሳብ ያሳያል። የእድር ጸሐፊ ሪፖርት ያሰማል።

ሥራው አዲስ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። በድሮው ሙግትም «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ የሚከራከሩት ዳኛውንም ታዳሚውንም የሚያሳምኑት በአንደበታቸው ነበር። አዲሱ ነገር ስላይዱ፣ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ የሚታየው ገጽ ነው። የስላይድ መሥሪያው ፕሮግራም ፓወርፖይንት በ1987 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ወጣ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ዛሬ ብዙ ሰው «ፕረዘንቴሽን አለብኝ» ሲል ስላይድ መሥራት ማለቱ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አንድ እሁድ የሰፈራችን የውሃ ፓምፕ ተቃጥሎ «ኮሚናል» በምንለው የጋራ ቤት ተሰበሰብን። ኮሚቴው ከየቤቱ ተጨማሪ ገንዘብ ሊጠይቅ ነው። ፕሮጀክተር ተከራይተዋል። ሊቀመንበሩ ሁለተኛው ስላይድ ላይ ሳሉ መብራት ጠፋ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ ከኋላ የተቀመጡት ተነሱ። ይሄኔ ገንዘብ ያዧ የተቃጠለውን ሞተር በጋዜጣ ጠቅልላ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሽቦው ከስሏል። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። «እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ውሃ የከለከለን ይሄ ነው» አለች። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ተናገረች፦ ምን ተበላሸ፣ ስንት ብር ይፈልጋል፣ ካልከፈልን እስከ መቼ በጀሪካን እንቀዳለን። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። የተነሱትም ተመልሰው ተቀመጡ፤ ድምፅ ተሰጠ።

ዝግጅት የሚባለው ይሄ ነው። ላፕቶፕ ከመክፈት በፊት ማን እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያውቅ፣ ሲወጣ ምን እንዲያደርግ እንደምንፈልግ መለየት። ያንን በሦስት አረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ማስፈር የማይችል ሰው ስላይዱ 40 ቢደርስም አይረዳውም። ፈታኝ የሚፈልገው ዘዴውንና ውጤቱን ነው። ጡረተኛው የሰፈር አባት የሚፈልጉት ብሩ የት እንደገባ ነው። አንዱ ገለጻ ለሁለቱም አይሆንም።

ቋንቋም አለ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ በ2015 ዓ.ም. ሸገር በሚባለው ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በዚህ ሁሉ ዙሪያ አንድ አዳራሽ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ተናጋሪ ይሰበስባል። ዋናውን ነጥብ በሁለቱም ማሰማት ደግ ነው። ራስ ካልቻሉ የሚችል ሰው ቀደም ብሎ መያዝ ነው።

ስላይዱ ላይ ብዙ አልቆይም። የፊደሉ መጠን ከ24 በታች ከሆነ ከኋላ አይነበብም። በአንድ ስላይድ አንድ ሐሳብ ይበቃል። ስላይዱን ቃል በቃል ማንበብ ግን ሰውን ያስተኛል። ለአማርኛ የተለየ ጣጣ አለ፦ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ኮድ ውስጥ ገብቷልና እንደ ኒያላ ባለ የዩኒኮድ ፎንት መጻፍ ይሻላል። ፒዲኤፍ ቅጂም ፍላሽ ላይ ይዞ መሄድ ነው። ዓመተ ምሕረትም የኛ ይሁን የፈረንጅ በግልጽ ይጻፍ፤ ሰባት ስምንት ዓመት የሚያክል ልዩነት ሒሳብ ያዛባል።

ልምምድ ቆሞ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ሰዓት ይዞ ነው። በልብ ማንበብ ልምምድ አይባልም። የመጀመሪያውን ደቂቃ በቃል መያዝ ፍርሃትን ያቀላል፤ አፍ አንዴ ከተፈታ ቀሪው ይመጣል። ደግሞ 3 ሰዓት የተባለ ስብሰባ 3 ተኩል ይጀምራል። ከሩቅ የሚመጣው ታክሲ አጥቶ ይዘገያል፤ ምርቃትና መክፈቻ ንግግርም አለ። ስለዚህ የ20 ደቂቃ ገለጻ ያለው ሰው የ10 ደቂቃ አጭር መንገድም ይዞ ይሂድ።

መድረክ ላይ የሚያስቸግረን አንዱ ዓይን ነው። ትልቅ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው ተብለን አድገናል። አንድ ሰው ላይ መትከል አያስፈልግም። አንዱን ሐሳብ በቀኝ ላሉት፣ ቀጣዩን በግራ ላሉት፣ ሌላውን ከኋላ ለተቀመጡት መናገር ክብርንም ይጠብቃል፣ ሰውንም ይይዛል። ከቁጥር በኋላ ትንሽ ዝም ማለትም ያስፈልጋል። ሰው የሰማውን በልቡ ያሰላል።

«መድረኩ ክፍት ነው» ሲባል እውነተኛው ፈተና ይመጣል። ጥያቄውን ከመመለስ በፊት ጮክ ብሎ መድገም ጥሩ ነው፤ የኋላው አልሰማም። አንዳንዱ ጥያቄ ሳይሆን ብሶት ነው፤ ሳይቆርጡ ሰምቶ ከውስጡ የሚመለሰውን መምረጥ ነው። የማያውቁትን «አጣርቼ እመለሳለሁ» ማለት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው አለመመለሱ ነው። ገንዘብ ያዧን አንድ አባት «ደረሰኙስ?» ብለዋት ነበር። «ገና አልተገዛም፣ ሲገዛ አሳያለሁ» አለች። በሳምንቱ የፓምፑ ደረሰኝ ፎቶ ኮፒ በየብሎኩ መግቢያ ተለጥፎ አገኘነው።