የኢትዮጵያ የገቢ ግብር ሕግ ቤተሰብን እንዴት ያያል?

በኢትዮጵያ የገቢ ግብር የሚጣለው በግለሰብ እንጂ በቤተሰብ ላይ አይደለም። ባልና ሚስት ገቢያቸውን ደምረው በጋራ የሚያስታውቁበት አሠራር የለም፤ በልጆች ቁጥር የሚቀነስ ግብርም የለም። አምስት ልጅ የሚያሳድግና አባት እናቱን የሚጦር ሠራተኛ፣ ብቻውን ከሚኖር የሥራ ባልደረባው ጋር ደመወዛቸው አንድ ከሆነ ግብራቸውም አንድ ነው። መሠረቱ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ምጣኔዎቹን ቢለውጥም ይህን መሠረት አልነካም።

አዋጁ ገቢን በሠንጠረዥ ይለያል፤ ደመወዝ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የቤት ኪራይ በ«ለ»፣ ንግድ በ«ሐ»፣ ሌሎች ገቢዎች በ«መ»። የእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ግብር ለብቻው ይሰላል። ስለዚህ የቤተሰብ ገቢ ይቅርና የአንድ ሰው ገቢ እንኳ ሙሉ ሆኖ አይታይም፤ ደመወዝተኛው ቤት ቢያከራይ ኪራዩ ከደመወዙ ጋር አይደመርም። ከሁለት ቀጣሪ የሚገኝ ደመወዝ ግን ይደመራል።

ይህ በቤት ውስጥ ምን እንደሚያመጣ በቁጥር ማየት ይሻላል። በአዲሱ ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ያለው ወርሃዊ ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ ከ15 በመቶ ተነስቶ ከ14,000 ብር በላይ ላለው 35 በመቶ ይደርሳል። አንድ ቤት ውስጥ ባልም ሚስትም በወር 10,000፣ 10,000 ብር ቢያገኙ እያንዳንዳቸው 1,650 ብር፣ በድምሩ 3,300 ብር ይከፍላሉ። ጎረቤታቸው ቤት የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ደመወዙ 20,000 ብር ቢሆን የሚከፍለው 4,950 ብር ነው። ሁለቱም ቤት የገባው 20,000 ብር ነው፤ የግብሩ ልዩነት ግን በወር 1,650፣ በዓመት 19,800 ብር ይሆናል። ነፃ የሆነው 2,000 ብርና ዝቅተኞቹ እርከኖች ለመጀመሪያው ቤት ሁለት ጊዜ፣ ለሁለተኛው አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራሉና።

በቀድሞው ሠንጠረዥ፣ ነፃው መጠን 600 ብር በነበረበት ጊዜ፣ የእነዚሁ ሁለት ቤቶች ልዩነት 1,410 ብር ነበር። ማሻሻያው ሁለቱንም ቤቶች አቅልሎላቸዋል፤ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ግን አስፍቶታል። ባሏ የሞተባትና ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እማወራ፣ ወይም ሚስቱ ሕፃን ይዛ ቤት የዋለችበት አባወራ፣ የሚገኙት በከበደው ወገን ነው። ይህ በሚገባው መጠን ተወያይተንበታል ብዬ አላምንም።

ግለሰብን ብቻ መመልከቱ በጎ ጎንም አለው፤ እሱም ቀላል አይደለም። አዲስ ሥራ የምትጀምር ሚስት የራሷን ነፃ መጠን ይዛ ትጀምራለች፤ የመጀመሪያ ብሯ በባሏ ከፍተኛ እርከን ላይ ተጨምሮ አይቆረጥባትም። በአሜሪካና በጀርመን የጋራ ስሌት ላይ በተደጋጋሚ የሚነሳው ቅሬታ ይኸው ነው። እንግሊዝ ባልና ሚስትን ለየብቻ ማስከፈል የጀመረችው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስዊድን ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ.።

የቤተሰብ ሕጋችን ግን ሌላ ቋንቋ ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 62 መሠረት ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ይህ በዋናነት የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አንዱ ሕግ ደመወዙን የሁለቱ ሲለው ሌላው የአንዱ ብቻ ያደርገዋል። ባልየው «ገቢው የጋራችን ስለሆነ ግማሹ በሚስቴ ስም ይሰላልኝ» ማለት አይችልም። እንዲያውም ግብር ለመቀነስ ሲባል ገቢን ወይም ገቢ የሚያስገኝ ንብረትን ለዘመድ ማስተላለፍ በአዋጁ «ገቢን መከፋፈል» ተብሎ ይታያል፤ ግብር ሰብሳቢው ባለሥልጣንም ስሌቱን ማስተካከል ይችላል።

ሕጉ ቤተሰብን ጨርሶ አያውቅም ማለት ግን አይደለም። ቀለብና የልጅ ማሳደጊያ ለሚቀበለው ሰው ከግብር ነፃ ነው፤ ስጦታና ውርስም እንዲሁ። የቤት ሠራተኛ ደመወዝም ነፃ ነው። ቀለብ ከፋዩ አባት ግን መጀመሪያ በሙሉ ደመወዙ ላይ ግብር ይከፍላል፤ ቀለቡን የሚሰጠው ከተረፈው ነው። ከደመወዝ ገቢ ላይ የግል ወጪ መቀነስ አይፈቀድምና።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችን የተለያየ ሥርዓት ይገጥማቸዋል። በአረብ ኤምሬትስና በሳዑዲ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም። በእስራኤል ግብር የሚሰላው ለየግለሰቡ ቢሆንም ነኩዶት ዚኩይ የሚባል የቅናሽ ነጥብ አለ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. አንዱ ነጥብ በወር 242 ሼቄል ግብር ይቀንስ ነበር፤ ልጅ ያላቸው ወላጆች ተጨማሪ ነጥብ ያገኛሉ። በአሜሪካ ባልና ሚስት በጋራ ማስታወቅ ይችላሉ፤ ለልጆችም ቅናሽ አለ። ይሁን እንጂ ጥገኛ ተብሎ የሚመዘገበው ሰው የአሜሪካ ዜግነት ከሌለው የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት፤ ዋሽንግተን ሆኖ ጎንደር ያለች እናቱን የሚጦር ልጅ ስሟን በቅጹ ላይ መሙላት አይችልም። ጀርመን ትፈቅዳለች። ለተቸገሩ ወላጆች የተላከ መጦሪያ በየአገሩ የኑሮ ደረጃ ልክ ተሸርፎ ከገቢ ይቀነሳል፤ ገንዘቡ በባንክ የተላከ መሆኑ ግን መረጋገጥ አለበት። አዲስ አበባ እየሠራ በየወሩ ደሴ ላሉ ወላጆቹ የሚልክ ልጅ እንዲህ ያለ ተቀናሽ የለውም።