«ውሻ ውሻ ነው የሚሸተው»? ስለ ውሻ ሆድና ጠረን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጅማ ክረምት ረጅም ነው። ዝናቡ ሲበረታ ግቢው ጭቃ ይሆናል፣ ውሻው በረንዳ ላይ ይጠለላል፣ ጠረኑም አብሮት ይገባል። ባለፈው ክረምት የኛ ቡቺ የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ አመጣ። በሳምንት ሁለቴ አጠብነው። ጸጉሩ ሳይደርቅ ሽታው ይመለሳል። በዚያው ሰሞን ሰገራው ላላ ካለ ከወር በላይ ሆኖት ነበር። ሁለቱን ነገሮች ግን አላገናኘናቸውም።

ያኔ ከጎረቤትም ከዘመድም ብዙ ምክር ሰማን። የትኛው ልክ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እናንተ ዘንድ እንዲህ እንዳይቆይ ልጻፈው።

«ውሻ ውሻ ነው የሚሸተው»

ጎረቤታችን እማማ «ልጄ፣ ውሻ ምን እንዲሸት ፈለግሽ?» አሉኝ። ጤነኛ ውሻ የራሱ ቀለል ያለ ጠረን አለው፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ይብስበታል። ታጥቦ የሚመለስ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ግን ምንጭ አለው። ምንጩን በአፍንጫችሁ ፈልጉት። አፉ ከሆነ ጥርሱ ላይ የተጋገረ ቢጫ ቆሻሻ ወይም የታመመ ድድ ሊኖር ይችላል። ጆሮው ከሆነ ውስጡን እዩት፤ ቡናማ ኩክና መቅላት የፈንገስ ወይም የባክቴሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ብብቱንና የጣቶቹን መሃል አትርሱ።

የቡቺ ከጭራው ሥር ነበር። በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፤ ሐኪሙ ጓንት አጠለቀና አሳየን። በውሻ ፊንጢጣ ግራና ቀኝ፣ በሰዓት ገበታ ብናስበው 4 እና 8 ላይ፣ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ጫን ሲለው ወፍራም ቡናማ ፈሳሽ ወጣ። ክፍሉን የሞላው ሽታ ያው የቤታችን ሽታ ነበር።

ከዚያ የነገረን ነገር ሁሉን ፈታልኝ። እነዚህ ከረጢቶች በተፈጥሮ የሚጨመቁት ጠንከር ያለ ሰገራ ሲያልፍ ነው። ሰገራው ለረጅም ጊዜ ከላላ የሚጨምቃቸው የለም። ይሞላሉ፣ ይሸታሉ፣ ሊመግሉም ይችላሉ። እኛ ቆዳውን እናጥባለን፣ ችግሩ ግን ከሆዱ ነው የሚነሳው።

«ቂጡን መሬት ላይ የሚጎትተው ትል ስላለበት ነው»

አንዳንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከረጢቶቹ ሞልተው ወይም ቆዳው አሳክኮት ነው። ሳያሳዩዋችሁ ራሳችሁ ለመጭመቅ አትሞክሩ፤ የመገለ ከሆነ ትጎዱታላችሁ።

«ደጋግሞ ማጠብ ነው መፍትሔው»

እኛ በልብስ ሳሙና ዱቄት ነበር የምናጥበው። ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል። የውሻ ቆዳ ከሰው ቆዳ ይለያል፤ የሰው ሻምፑ እንኳ ብዙም አይስማማውም። ቶሎ ቶሎ ሲታጠብ ቆዳው ይደርቃል። ያሳክከዋል፣ ይፍቃል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉ ደግሞ ሌላ ሽታ ያመጣል። ጤነኛ ውሻ በወር አንዴ ቢታጠብ ይበቃዋል። የውሻ ሻምፑ ተጠቀሙ፣ በደንብ አለቅልቁ፣ ከዚያ ደረቅ አድርጋችሁ ጥረጉት። በኛ ከተማ እርጥበት የማድረቁ ነገር ከማጠቡ አይተናነስም። የሚተኛበትን ጨርቅም እጠቡ፤ ንጹሕ ውሻ የሸተተ ጨርቅ ላይ ከተኛ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

«ከኛ ወጥ በልቶ አድጓል፣ ምን ይሆናል?»

ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ቢበስሉም ያው ነው። ወጥ የጠጣ እንጀራ በየቀኑ የሚበላ ውሻ ሰገራው ቢላላ አይደንቅም፤ በርበሬውና ዘይቱም አለ። ለትል ይጠቅመዋል ተብሎ ነጭ ሽንኩርት የሚሰጠውም በዚሁ ምክንያት ይጎዳል።

ጅማ ሆነን ሳንጠቅሰው የማናልፈው ደግሞ ቡና ነው። ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው። ያስታውከዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ የልብ ምቱን ያፈጥነዋል፤ ሲበዛም ይገድላል። የጀበናውን አተላ ግቢ ውስጥ መድፋት ልማዳችን ነው። ቡቺ እዚያ ቦታ ሲልስ ስንቴ አይቼ ዝም ብያለሁ! አሁን አተላው ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ይገባል።

የተቀቀለ አጥንትም ይሰነጠቃል። ስንጣሪው አንጀት ይወጋል፣ ወይም ይደፍናል።

«ሳንባና ጉበት የውሻ ድርሻ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ነገሩ የቤተሰብ ጤናም ነው። በግ ወይም በሬ ታርዶ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ሲገኝ ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። እባጩ ውስጥ ያለው ኢኪኖኮከስ የሚባል የኮሶ ትል ዓይነት እጭ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም ትል ይሆናል። ውሻው ምንም አይታይበትም፤ እንቁላሉ ግን በሰገራው ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይም ይቀራል። ልጆች ዳብሰውት እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲበሉ ያው እባጭ በነሱ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። እባጭ ያለበትን አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ጤነኛውንም ቢሆን በደንብ ቀቅላችሁ ስጡ።

«ትል ካለበት በሰገራው ይታያል»

የሚታየው ጥቂቱ ነው። የሩዝ ፍሬ የሚመስል የሚንቀሳቀስ ነገር ካያችሁ የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። አንዱ ዓይነት በቁንጫ በኩል ስለሚተላለፍ ቁንጫውን ሳታጠፉ መድኃኒቱ ብቻውን አይዘልቅም። የወስፋትና የመንጠቆ ትል እንቁላል ግን በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይታይም። ቡችላ ወስፋትን ከእናቱ ማሕፀንና ጡት ይዞት ይመጣል። ስለዚህ የትል መድኃኒት ከ2 ሳምንቱ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ ይሰጠዋል።

«ሲያስቀምጠው ወተት፣ ካልተሻለው ፍላጂል»

አብዛኛው ያደገ ውሻ ወተት በደንብ አይፈጭለትም፤ ተቅማጡን ያብሰዋል። ፍላጂል የሚባለው አንቲባዮቲክም እጃችን ላይ ስላለ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። መጠኑ ሲበዛ ነርቭ ይነካል፣ ውሻው መንገዳገድ ይጀምራል። ያደገ፣ ንቁ የሆነ ውሻ ለአንድ ሁለት ቀን ሲያስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ ያለ አንቲባዮቲክ ይድናል። ንጹሕ ውሃ ቶሎ ቶሎ፣ ጨውና ቅመም የሌለው ሩዝ ከተቀቀለ ዶሮ ጋር፣ በትንሽ በትንሹ። ሲሻለው ወደ ድሮ ምግቡ በሳምንት ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ መልሱት። የሰው ሕመም ማስታገሻ፣ ማለትም ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል ግን በራሳችሁ በፍጹም አትስጡት።

«ቡችላ ነው፣ ያልፍለታል»

አይጠበቅም። ያልተከተበ ቡችላ ካስታወከው፣ ደም የቀላቀለ በጣም የሚሸት ተቅማጥ ከያዘው፣ ምግብ እምቢ ካለ ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ቡችላው ከሞተ ወይም ከዳነ በኋላም ቫይረሱ ግቢ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ሲሚንቶውን መጀመሪያ ከቆሻሻ አጽዱ፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርከፍክፉ። አፈሩን ግን በረኪና አያጸዳላችሁም፤ ያልተከተበ ቡችላ ቶሎ አታምጡበት። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ይጀመራል፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይደጋገማል።

«የእንስሳት ሐኪም ለከብት ነው»

ይሄንን እኔም አምን ነበር። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች የሚማሩበት ኮሌጅ እያለ ቡቺን ለማሳየት ከወር በላይ ፈጀሁ። ስትሄዱ የዚያን ቀን ሰገራ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። የሚበላውን ሁሉ ሳታፍሩ ተናገሩ፤ የጀበናውን አተላም ጭምር። ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ፣ ወይም ድዱ ከነጭራሹ የገረጣ ከሆነ፣ ነገን አትጠብቁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ጠባዩ ድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ አፍ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለይታችሁ አስቀምጡትና ሐኪም ጥሩ።

የቡቺ ሰገራ ወጥ ካቆመ በሦስተኛው ሳምንት ጠነከረ። ከዚያ ወዲህ ከረጢቶቹ አልሞሉም። ትናንት ዝናብ መትቶት በረንዳ ላይ ሲያንጠባጥብ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አሸተትኩት። እርጥብ ውሻ፣ እርጥብ ውሻ ብቻ ይሸታል።