ርግጫ አልባ የሞላ አየር ጠመንጃ ምንድን ነው?

በትልቅ የአደን ጠመንጃ ላይ ዓመታት ያገለገለ የማነጣጠሪያ መነጽር፣ አንድ ተራ የአየር ጠመንጃ ላይ ሲገጠም ብዙም ሳይቆይ ውስጡ ሊላቀቅ ይችላል። ነገሩ ግራ ያጋባል። ባሩድ የሌለው፣ ግማሽ ግራም የምትሆን የእርሳስ ፍሬ የሚተፋ መሣሪያ ምን ጉልበት አለውና ነው? ጉዳዩ ግን ጉልበት አይደለም፤ አቅጣጫ ነው። የባሩድ ጠመንጃ ወደ ኋላ ይረግጣል፣ በቃ። የሞላ አየር ጠመንጃ መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ፊት ይወረወራል። መነጽሩን የሚፈታው ይህ ሁለተኛው ምት ነው፤ የተኳሹን ዒላማ የሚያበላሸውም ይኸው መናጥ ነው። ርግጫ አልባ የሚባለው ይህ መናጥ ተኳሹን እንዳያገኘው ተደርጎ የተሠራ የሞላ አየር ጠመንጃ ነው።

ጠመንጃው ሲወጠር አንድ ጠንካራ ሞላ ከፒስተን ጀርባ ይታመቃል። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ይለቀቅና ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ፒስተኑም ልክ እንደ ብስክሌት ጎማ መንፊያ ፊቱ ያለውን አየር ያምቃል። አየሩ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ፍሬዋን ይገፋል። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲሮጥ የቀረው ጠመንጃ ወደ ኋላ ይሸሻል። ፒስተኑ መጨረሻው ላይ የታመቀው አየር ገትሮ ሲይዘው ደግሞ ጠመንጃው አብሮት ወደ ፊት ይሳባል።

እናስላው። ፒስተኑ 250 ግራም፣ ጠመንጃው በጠቅላላ 4 ኪሎ ይሁን፣ ፒስተኑም 8 ሴንቲሜትር ይጓዝ። ጠመንጃው ወደ ኋላ 5 ሚሊሜትር ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ትንሽ ትመስላለች። ፍሬዋ ግን የምትነሳው አየሩ በደንብ ከታመቀ በኋላ፣ ማለትም ፒስተኑ ጉዞውን ሊጨርስ ሲል ነው። ስለዚህ እሷ ገና አፈሙዝ ውስጥ ሳለች ጠመንጃው ከቦታው ተነቃንቋል። ወደ ኋላ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ከሆነ ችግር የለም። ሰደፉ ትከሻ ላይ በአንድ ወገን ከተጫነ ወይም ግራ እጅ ከልክ በላይ ከጨበጠ ግን ጉዞው ይጣመማል። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ጠመንጃ ጫፉ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ቢያዘነብል፣ 10 ሜትር ላይ ፍሬዋ 1 ሚሊሜትር ትስታለች። የ10 ሜትር ውድድር ዒላማ መካከሏ፣ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ነጠብጣብ፣ ስፋቱ 0.5 ሚሊሜትር ነው።

ጀርመኖች ይህን ችግር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተለያየ መንገድ ፈቱት። ራሽታት ከተማ ያለው ዲያና ፋብሪካ የተጠቀመበት የጊስ ዘዴ ሁለት ፒስተኖች አሉት፤ አንደኛው አየር ለማመቅ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላኛው በጥርስ ተያይዞ በዚያው ፍጥነት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ምታቸውም እርስ በርስ ይጠፋፋል። እጅግ ብልህ ሥራ ነው፤ ፈትቶ መልሶ የሚገጥም ሰው ግን ጥርሶቹን በትክክል ካላናበበ ያማርራል። ሌላው የጀርመን ፋብሪካ አንሹትዝ በ250 ሞዴሉ የፒስተኑን የመጨረሻ ምት በዘይት አበረደው።

እኔን የሚማርከኝ ኦበርንዶርፍ ከተማ ያለው ፋይንቬርክባው ፋብሪካ ያደረገው ነው፤ ሞዴል 150፣ በኋላም 300። እዚያ ርግጫው አልተወገደም። አፈሙዙ፣ ሲሊንደሩና ማነጣጠሪያው አንድ ላይ ሆነው ሰደፉ ውስጥ በተቀበረ ሐዲድ ላይ ተቀምጠዋል። ምላጩ ሲሳብ ይህ ሁሉ ብረት በነጻነት ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ እንጨቱና ትከሻው አይሰሙትም። ተኳሹ የሚያየው የኋላው ማነጣጠሪያ ወደ ዓይኑ ጠጋ ሲል ብቻ ነው። ስለዚህ «ርግጫ አልባ» የሚለው ስም ግማሽ እውነት ነው፤ ርግጫው አለ፣ ሰውየው ነው የማያገኘው።

ታዲያ የትኛው የበለጠ ያነጣጥራል? ጥያቄው ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ፍሬዎችን አንድ ቦታ የሚያሳርፈው በዋነኛነት የአፈሙዙ ጥራትና የፍሬው መስማማት ነው፤ ሐዲዱ አፈሙዙን የተሻለ አያደርገውም። ጥሩ አፈሙዝ ያለው የሚረግጥ ጠመንጃ በለመደ እጅ ከርግጫ አልባው ጋር የሚቀራረብ ውጤት ይሰጣል። ልዩነቱ በሰውየው ላይ ነው። የሚረግጠው የተኳሹን ጥፋት ሁሉ ዒላማው ላይ ይጽፋል፤ ርግጫ አልባው ብዙውን ይቅር ይላል።

የሚረግጠውን የሚያውቁ ሰዎች ጠመንጃውን አይጨብጡትም። የግራ መዳፋቸውን ከፍተው ያስቀምጡበታል፣ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አስነክተው ይተዉታል፣ እንደፈለገ እንዲሄድ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ከተንቀሳቀሰ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይመታል። ልብ ካልነው ይህ የፋይንቬርክባው ሐዲድ የሚሠራው ሥራ ነው፤ እዚህ ሐዲዱ መዳፍ ሆነ እንጂ።

በ10 ሜትር ውድድር ዘመኑ ሁለቱንም ጥሏቸዋል። አየሩ አስቀድሞ ታምቆ የሚጠብቅበት ጠመንጃ ሲመጣ በተኩስ ሰዓት የሚሮጥ ከባድ ፒስተን ቀረ፤ የዋልተር ኤልጂአር ከ1970ዎቹ አጋማሽ፣ የፋይንቬርክባው 600 ከ1980ዎቹ ጀምሮ መንገዱን ከፈቱ። በብረት ምስሎች ላይ ርቀት እየገመቱ በሚተኩሱበት የፊልድ ታርጌት ውድድር ግን የሞላ ጠመንጃዎች የራሳቸው ምድብ አላቸው። እዚያ እንደ እንግሊዙ ኤር አርምስ ቲኤክስ 200 ያሉ ከባድ የሚረግጡ ጠመንጃዎች እስከ ዛሬ ይወደዳሉ፤ ክብደታቸው ራሱ ርግጫውን ያሳንሰዋል።

ልዩነቱን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚረግጠውን ጠመንጃ በተከፈተ መዳፉ ላይ አስደግፎ አምስት ፍሬ፣ በጠንካራ እንጨት ላይ አስደግፎ ደግሞ ሌላ አምስት በአንድ ወረቀት ላይ ይተኩስ። ሁለት የተለያዩ ስብስቦች የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ እንጨቱ ጠመንጃውን ገፍቶ ያነጥረዋልና። ያንኑ በፋይንቬርክባው 300 ቢደግመው አሥሩ ቀዳዳዎች እርስ በርስ የመቀራረብ ዕድላቸው ሰፊ ነው።