ከልጆች ጋር ደርሶ መልስ በጎጃም፦ የሚባለውና እውነታው

ባሕር ዳር፣ እንጅባራ ወይም ደብረ ማርቆስ ለሚኖር ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ ማታ ቤቱ የሚገባባቸው ቦታዎች ሞልተዋል። ያም ሆኖ ብዙው ሰው ከአዲስ አበባ እንግዳ ካልመጣበት በቀር ንቅንቅ አይልም። ለምን ሲባል የሚሰጠው ምክንያት ግማሹ ከሰው የሰማው ነው። ሄዶ ተበሳጭቶ የተመለሰውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የበደለው ቦታው ሳይሆን የሄደበት ወር ወይም ሰዓት ነው።

«ጢስ ዓባይ ደርቋል፤ የሕዳሴው ግድብ ጨረሰው»

እዚህ ውስጥ ሁለት ስሕተት አለ። የሕዳሴው ግድብ ያለው ጉባ ነው፤ ከፏፏቴው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወደ ታች። ታች ያለ ግድብ ደግሞ ላይ ያለውን ውኃ አይቀንስም። ፏፏቴውን ያሳሱት ከበላዩ የተሠሩት ናቸው። አንዱ ባሕር ዳር አጠገብ ከጣና ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውኃ የሚመጥነው የጨረጨራ በር ነው። ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. የተጨመረው የጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት ኃይል ማመንጫ ነው፤ ውኃውን ከፏፏቴው በላይ ጠልፎ ከሥሩ ይመልሰዋል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል።

«ደርቋል» የሚለውም የወር ጉዳይ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ድረስ ውኃው ሲሞላ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ላይ ይወረወራል፤ ስፋቱም እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፤ ጢሱ ማዶ የቆመውን ሰው ያረጥባል። ለገና ዕረፍት ልጆቹን ይዞ የሄደ ግን ጥቁር ድንጋይ ላይ የሚንጠባጠቡ ጥቂት ክሮች አይቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ «ደርቋል» ሲል ይከርማል።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ ቤት መድረስ ይቻላል። ከመንደሩ በእግር ሲወረድ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ይገኛል። ልጆቹን እዚያ አቁማችሁ ድንጋዩ በኖራ እንዴት እንደተያያዘ አሳዩአቸው፤ ውኃው ከታች ጠባብ ቦይ ውስጥ እየተገፋ ሲያልፍ ከፏፏቴው እኩል ዓይናቸውን ይይዘዋል። ዝናብ ከጣለ በኋላ መንገዱ ያሟልጫል፤ ነጠላ ጫማ ይቅርባችሁ። አያት አብረው ካሉ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ የሚሻገረውን መንገድ ምረጡ፤ የእግር ጉዞው ያጥራል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ፏፏቴው የሚያምርበት ወቅት የወባም ወቅት ነው። ወባ የበረሃ በሽታ ብቻ መስሏችሁ እንዳትዘናጉ፤ ባሕር ዳርና አካባቢዋ ወባ አለ። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከመሸ ነውና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ።

«ዓባይ ከጣና ነው የሚነሣው፤ ግሽ ስሙ ብቻ ነው»

ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ተነሥቶ ነው ጣና የሚገባው። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ምንጩን አየን ብለው ጻፉ። የሰከላ ሰው ግን ማንም ሳያሳየው ከጥንት ጀምሮ ሲጠመቅበት ኖሯል።

ለቤተሰብ ዋናው ነገር ሌላ ነው። ቦታው ጠበል ነው፤ ምግብ የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይጠጋም። ጥሊሊ ላይ ቁርስ አብልታችሁ ልጆቹን ብትወስዱ በር ላይ ቆመው ሊያለቅሱ ነው። ወይ በሌሊት ተነሥታችሁ ሳይቀምሱ ድረሱና ስንቁን በኋላ ፍቱ፣ ወይም ትንንሾቹ ከውጭ እንደሚያዩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

«ሴት የጣና ገዳማት አትገባም፤ ጀልባ ካልተከራዩ ደግሞ ዘጌ አይታይም»

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ እውነት ነው። ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን እናትም ልጅም ይገባሉ፤ ነጠላ ለብሶ፣ ጫማ አውልቆ። የመቅደሱ ዙሪያ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ልጅ ከፈረሰኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጀምሮ እያንዳንዱን «ይሄ ማነው?» ማለቱ ስለማይቀር አስጎብኚውን አታቻኩሉ።

ዘጌ ደግሞ ባሕረ ገብ መሬት እንጂ ደሴት አይደለም፤ መኪና ይገባል። ክረምት ላይ ጭቃው አስቸጋሪ ነው፤ በበጋ ቀስ ብሎ ለሄደ ችግር የለውም። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ምክንያት እዚያ በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም ይባላል፤ ቡናው በጫካው ጥላ ሥር የቆየውም በዚህ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ልጅ ለያዘ ሰው ከጀልባው ይልቅ የመኪናው መንገድ ይሻላል፤ ሲሰለቻቸው ማንንም ሳይጠብቁ መመለስ ይቻላል።

«ጣናን እንቦጭ ወርሶታል»

እንቦጩ የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። በባሕር ዳርና በዘጌ በኩል ውኃው አሁንም ይታያል።

«ልጅ ጣና ዳር ቢንቦጫረቅ ምን ይሆናል?»

ቢልሃርዚያ ሊይዘው ይችላል። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣር ባለበት ጥልቀት አልባ ዳርቻ፣ ማለትም ልጆች በሚወዱት ቦታ ላይ ነው። ተውሳኩ ውኃውን መጠጣት ሳያስፈልገው በቆዳ ይገባል። የገባ ልጅ ካለ ከሳምንታት በኋላ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ቢያይ ለሐኪሙ «ጣና ገብቶ ነበር» ማለትን አትርሱ፤ መድኃኒት አለው።

ጉማሬውም ሣር በል ቢሆንም የዋህ አይደለም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ሲመሻሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ በእሱና በውኃው መካከል መቆም አደገኛ ነው።

«ዘንገና መጨረሻ የለውም»

አለው፤ ወደ 166 ሜትር ነው። ከእንጅባራ ቅርብ፣ ከዋናው መንገድ አጠገብ ያለ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ ነው። ዳሩ ቀስ እያለ ሳይሆን ድንገት ስለሚጠልቅ እግር ለማስነከር አይሆንም። ጥላው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ምሳ ለመብላት ግን በጎጃም ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

«ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረግ (ማርሽ ማውጣት) ነዳጅ ይቆጥባል»

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ወጥቶ የዓባይን በረሃ ለማየት የሚወርድ ሁሉ ይህን ከአንድ ሽማግሌ ሹፌር ሰምቶታል። በዛሬዎቹ መኪኖች ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ ሞተሩ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ፎሌ ላይ ግን እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። ነዳጁ ቢቀርም እንኳ ከደጀን እስከ ድልድዩ የሚወረደው ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ ክብደት ፍሬን ብቻውን ከተሸከመው ሸራው ይግላል፣ መሽተት ይጀምራል፣ ከዚያ ፔዳሉ እየተረገጠ መኪናው አልይዝ ይላል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ በአውቶማቲክ ደግሞ በዝቅተኛው ማርሽ ውረዱ። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ ውኃ አታፍስሱበት፣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠባቂዎቹን ጠይቁ።

«ሕፃን ከእናቱ ጭን የተሻለ ቦታ የለውም»

ፍቅሩ አያከራክርም፤ ክንድ ግን አቅም አለው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢጋጭ፣ ውስጥ ያለው ሰው ከሦስተኛ ፎቅ እንደወደቀ ያህል ነው የሚመታው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅን በዚያ ቅጽበት ይዞ የሚቀር እጅ የለም። ጋቢና ላይ ታቅፎ መቀመጥ ደግሞ ይብሳል። ለሁለት አንድ ቀበቶ ማሰርም መፍትሔ አይደለም፤ የእናትየው ክብደት በልጁ ላይ ያርፋል። የልጅ ወንበር ከኋላ ይታሰር፤ ወንበሩ ካልተገኘ አጭር መንገድ ይመረጥ፣ ቀስ ተብሎ ይነዳ።

«ምሳ መንገድ ላይ አይጠፋም»

ለአዋቂ አይጠፋም። ረቡዕና ዓርብ ግን በትንንሽ ከተሞች ለልጅ ወተትና እንቁላል ልታጡ ትችላላችሁ። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ውኃ ከቤት ይዞ መውጣት ነው።

«ከወጣን አይቀር ሁሉንም እንይ»

ብዙ ጉዞ የሚበላሸው በዚህ ነው። ከባሕር ዳር እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ካርታ ላይ ቀላል ይመስላል። በገበያ ቀን ግን መራዊም ዱርቤቴም ዳንግላም መንገዱ በአህያ፣ በበግና በሸክም ይሞላል። አመሻሽ ላይ ከብት ከግጦሽ ሲገባ ይደገማል። ዘንገናና ግሽን በአንድ ቀን አያይዞ፣ በመመለሻው ደግሞ ዘጌን ጎራ እንበል የሚል አባት ማታ 2 ሰዓት በጨለማ ሲነዳ፣ ልጆቹ ተኝተው ሚስቱ ስትቆጣ ይገኛል። ለአንድ ቀን አንድ ቦታ ይበቃል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ፊት ወደ ቤት ይዙር።

«ትናንት የሄደ ሰው ሰላም ነው ብሏል»

ትናንት ሰላም የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል፤ ጎጃም ውስጥ ለሚኖር ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የሚጠየቀው በዚያው ጠዋት ነው፤ መናኸሪያ ሄዶ ከዚያ አቅጣጫ ገና የገባ የሚኒባስ ሹፌር መጠየቅ። የሚጠየቀውም «መንገዱ ክፍት ነው?» ብቻ ሳይሆን «እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚታለፈው?» የሚለውም ነው። ሹፌሩ ካመነታ ልጆቹን ሐይቅ ዳር ወስዳችሁ አሣ አብሏቸው።