ወርኃዊ የእጅግ አጭር ልብወለድ የወዳጅነት ውድድር

እጅግ አጭር ልብወለድ ብዙውን ጊዜ ከ1000 ቃል የማያልፍ፣ የተቀዳ ቡና ሳይበርድ ተነብቦ የሚያልቅ ታሪክ ነው። «ፍላሽ ፊክሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም ያስለመደው በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ፣ 72 ታሪኮችን የያዘ መድበል ነው። ከዚህም የጠበቀ ልክ ያላቸው ዘመዶች አሉት። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የሳይንስ ልብወለድ ወዳጆች መካከል የተጀመረው «ድራብል» ልክ 100 ቃል ነው፤ 99ም 101ም አይሆንም። በኢንተርኔት ከሚካሄዱት ውድድሮች አንዳንዶቹ ክፍያና ዳኛ ያላቸው ናቸው። ለምሳሌ «ኤንዋይሲ ሚድናይት» በእጅግ አጭር ልብወለድ ውድድሩ ዘውግ፣ ቦታና ዕቃ መድቦ 48 ሰዓት ይሰጣል፤ ጣሪያውም 1000 ቃል ነው። እዚህ የሚዳሰሰው ግን ከ5 እስከ 20 የሚሆኑ ሰዎች በየወሩ አንድ አንድ ታሪክ ጽፈው እርስ በርስ የሚዳኙበት፣ ገንዘብ የሌለበት የወዳጅነት ውድድር ነው።

ዙሩ የሚከፈተው ወሩ በገባ በ1 መነሻ፣ ማለትም ታሪኩ የሚጻፍበት ሐሳብ፣ ሲሰጥ ነው። እስከ 20 ይጻፋል፣ በ21 ታሪኮቹ በቁጥር ብቻ ተለይተው ይለቀቃሉ፣ እስከ 27 ይነበባሉ፣ ድምፅም ይሰጣል፣ በ28 ውጤት ይነገራል። ወሩ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድሞ መባል አለበት። ከሁሉ በላይ ቅሬታ የሚያመጣው ግን የመዝጊያው ሰዓት ነው። «እሑድ 6 ሰዓት» ብሎ መጻፍ አዲስ አበባ ላለው እኩለ ቀን ነው ወይስ እኩለ ሌሊት ያሰኛል፤ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው ደግሞ በማለዳ ወይም በምሽት ሊሆን ይችላል። «እሑድ ማታ 3 ሰዓት በአዲስ አበባ» ብሎ ከጎኑ 21:00 መጻፍ ይገላግላል። ይህ በሪያድ ያው 21:00፣ በዱባይ 22:00፣ በዋሽንግተን በእነሱ በጋ 14:00፣ በክረምታቸው 13:00 ነው። ቴል አቪቭ በበጋዋ ከአዲስ አበባ እኩል ናት፤ በክረምቷ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ በዓመት ሁለቴ ማስታወቂያውን ማደስ ያስፈልጋል።

መነሻው ቃል፣ ፎቶ፣ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ወይም ክልከላ («ንግግር አይኑርበት») ሊሆን ይችላል። ጥሩ መነሻ በር ይከፍታል እንጂ መንገዱን አይጠርግም። በመስከረም «እንቁጣጣሽ» ብሎ የሰጠ አወዳዳሪ አሥር ታሪክ ሙሉ አደይ አበባ ሲለቅም ይከርማል። «ገና» የሚለው ቃል ግን በዓሉም ነው፣ ጨዋታውም ነው፣ ያልደረሰም ነገር ነው። አንዱ ስለ ቤተሰብ ግብዣ፣ ሌላው ስለ ሜዳ ጠብ፣ ሦስተኛው ቪዛ ስለሚጠብቅ ሰው ይጽፍበታል። ከሰምና ወርቅ ጋር ላደገ አንባቢ እንዲህ ያለ ቃል ከማንኛውም ፎቶ ይሻላል።

በአማርኛ ሲወዳደሩ የቃል ጣሪያ ለብቻው መታሰብ አለበት። «ስላልነገረችኝ» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ለዚሁ 6 ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ ከውጭ ደንብ የተቀዳ 500 ቃል በአማርኛ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ለወዳጅነት ውድድር ከ200 እስከ 300 በቂ ነው። ቆጠራውም ወጥመድ አለው። ብዙ ቆጣሪዎች ቃል የሚለዩት በክፍት ቦታ ነው፤ ቃላቱን ክፍት ቦታ ሳይተው በሁለት ነጥብ (፡) ብቻ የለየ ሰው ገጽ ሙሉ ጽፎ «1 ቃል» ሊባል ይችላል። በተቃራኒው አራት ነጥቡን ከቃሉ አርቆ «ሄደ ።» ብሎ የሚጽፍ በየዐረፍተ ነገሩ አንድ ቃል ይከስራል፤ 40 ዐረፍተ ነገር ላለው ታሪክ ይህ 40 ቃል ነው። «ቤተ ክርስቲያን» አንድ ነው ሁለት የሚለው ክርክር ደግሞ ማለቂያ የለውም። አወዳዳሪው ሁሉንም ታሪክ በአንድ ቆጣሪ ቆጥሮ እስከ 5 ቃል የሚደርስ ትርፍን ቢያልፍ ሰላም ይሰፍናል።

ለጸሐፊው ዋናው ሥራ መቁረጥ ነው። ጣሪያው 250 ከሆነ መጀመሪያ ሳይፈሩ 400 ይጻፍና ይቀነስ። ቶሎ የሚቆረጠው መግቢያው ነው። «አየለ በጣም የደከመው ሰው ስለነበር ቀስ ብሎ በሩን ከፈተና ወደ ውስጥ ገባ» 12 ቃል ነው። «አየለ በሩን በትከሻው ገፋው» 4 ብቻ፤ ድካሙም አልጠፋም፣ ወደ ትከሻው ወረደ እንጂ። ሁለት ገፀ ባሕርይ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ የሚለወጥ ነገር ከበቂ በላይ ነው። ሦስት ትውልድ የሚያስቆጥር ታሪክ 250 ቃል ውስጥ ሲገባ የሕይወት ታሪክ ማጠቃለያ ይሆናል። ሌላው የተለመደ ጥፋት መጨረሻው ላይ ነው፤ «ከእንቅልፌ ባነንኩ» እና «ለካ ሞቶ ነበር» የማይመጡበት ወር የለም። በአለቃ ገብረ ሃና ጨዋታዎች ያደገ ጆሮ የመጨረሻዋን ምላሽ ይጠብቃል፤ ያ ለቀልድ ይበጃል፣ ታሪክ ግን ምላሹን አውቀውት በድጋሚ ሲያነቡትም መቆም አለበት።

ታሪኩ የሚላከው ለአወዳዳሪው ብቻ ነው፤ ስም እስከ ውጤቱ ይደበቃል። ምስጢሩ የሚፈሰው ብዙውን ጊዜ በቴክኒክ ስህተት ነው። በቴሌግራም ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት የላኪውን ስም ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ የዎርድ ፋይልም ባለቤቱን በውስጡ ይመዘግባል። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ እንደ አዲስ መለጠፍ ሁለቱንም ይፈታል። አንድ የቴሌግራም መልእክት 4096 ፊደልና ምልክት ስለሚይዝ 300 ቃል አይቆራረጥም። ታሪኩን ኋላ ለመጽሔት የመላክ ሐሳብ ያለው ሰው ውድድሩ በዝግ ግሩፕ መሆኑን ያረጋግጥ፤ በይፋ የተለጠፈውን እንደታተመ ቆጥረው የማይቀበሉ አዘጋጆች ብዙ ናቸው።

ድምፅ አሰጣጡ ለአንደኛ 3፣ ለሁለተኛ 2፣ ለሦስተኛ 1 ነጥብ ነው፤ ለራስ መስጠት ክልክል ነው። 9 ሰዎች ከተወዳደሩ አንድ ታሪክ ቢበዛ 24 ነጥብ ያገኛል። 4 ብቻ ከሆኑ ግን ይህ ስሌት ትርጉም ያጣል፤ እያንዳንዱ መራጭ የቀሩትን ሦስቱንም መሸለሙ ስለሆነ ያኔ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ይሻላል። ነጥብ እኩል ሲመጣ 3 የበዛለት ይቀድማል።

እንዲህ ያለውን ውድድር የሚገድለው የጸሐፊ እጥረት ሳይሆን የአንባቢ እጥረት ነው። ሰው የራሱን ልኮ ይጠፋል፤ ከአሥሩ ሦስቱ ብቻ ድምፅ ሲሰጡ ውጤቱ የጓደኛ ውጤት ይሆናል፣ በሚቀጥለው ወር አምስት ሰው ይቀራል። መድኃኒቱ ጨከን ያለ ደንብ ነው፦ ድምፅ ያልሰጠ፣ ቢያንስ ለሦስት ታሪኮች ሁለት ሁለት መስመር አስተያየት ያልጻፈ፣ የራሱ ነጥብ አይቆጠርለትም። «ጎበዝ፣ በርታ» አስተያየት አይደለም። «ደብዳቤውን ያነበበችው እናቲቱ ትሁን ልጅቷ አልገባኝም» ግን ጸሐፊውን ወደየትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሚመለስ ያሳየዋል።

ሽልማቱ የሚቀጥለውን ወር መነሻ መስጠትና ማወዳደር ነው፤ ያሸነፈ በዚያ ዙር አይወዳደርም፣ በዚህም አንድ ሰው በተከታታይ ወራት አይነግሥም። በ48 ሰዓት ውስጥ መነሻ ካላመጣ ተራው ለሁለተኛው ያልፋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሄዱ ከሆነ ጳጉሜን 5፣ በየ4 ዓመቱም 6 ቀን ብቻ ስለሆነች ሙሉ ዙር አትችልም፤ ለ50 ቃል ጨዋታ ግን ትበቃለች።