የቆየ ጌም በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ለምን ይንቀራፈፋል?

ዘመናዊ ጌም ያለ ችግር የሚያጫውት ላፕቶፕ ከ20 ዓመት በፊት የወጣ ጌም ሲከፈትበት ሊንቀራፈፍ ይችላል። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የላፕቶፑን አቅም ነው። ራም ልጨምር ወይስ ማሽኑን ልቀይር እያለ ያስባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አቅም አላነሰም። ጌሙ የተሠራለት ማሽንና የዛሬው ማሽን አሠራራቸው ተለያይቷል፤ መሃል ላይ አንድ ነገር ይጓተታል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሥራው የት ጋ እንደተያዘ መፈለግ ያዋጣል።

ፍለጋው የሚጀምረው መዘግየቱ ምን ዓይነት እንደሆነ በማየት ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ግን ግማሹን ሥራ የሚጨርሰው እሱ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ነጠላ ምስል፣ እንዲታይ ላፕቶፑ እያንዳንዱን ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሠርቶ ማድረስ አለበት። ጌሙ ከተከፈተ ጀምሮ እኩል ቀርፋፋ ከሆነ ጥርጣሬው ምስሉን ወደሚሠራው ግራፊክስ ቺፕ ወይም በጌሙና በቺፑ መሃል ወደሚቆመው ሶፍትዌር፣ ወደ ዳይሬክትኤክስ፣ ይሄዳል። ለአሥር ደቂቃ ያህል ጥሩ ሄዶ ከዚያ ከወደቀ ሙቀት ነው። በየጥቂት ሰከንዱ ስታክ እያደረገ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ወይም ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ከ60 በአንዴ ወደ 30 ወርዶ እዚያው የሚቀር ከሆነ ቪሲንክ የሚባለውን ማስተካከያ ማየት ነው። ቪሲንክ ፍሬሙን ከስክሪኑ እድሳት ጋር እኩል ያስኬደዋል። ላፕቶፑ 60 ላይ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረው ፍሬሙ ቀጣዩን ዙር ይጠብቃል፤ ፍጥነቱም በግማሽ ይቀንሳል።

ሌላም ዓይነት አለ። አንዳንድ የቆዩ ጌሞች የጨዋታውን ሰዓት የሚቆጥሩት በፍሬም ነው። ፍሬሙ ሲቀንስ ምስሉ አይቆራረጥም፤ ሩጫውም፣ ጥይቱም፣ የግጥሚያው ሰዓትም አብረው ይዘገያሉ። ፍሬሙ ሲበዛ ደግሞ ሁሉም ነገር ይፈጥናል። እንዲህ ያለ ጌም ላይ የፍሬሙን ቁጥር 60 ወይም 30 ላይ ማሰር ብዙ ጊዜ ነገሩን ያስተካክላል።

አሁን ወደ ተጠርጣሪዎቹ። ብዙ ላፕቶፖች ሁለት ግራፊክስ ቺፕ አላቸው። አንዱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው፣ ባትሪ የሚቆጥበው ነው። ሌላው ራሱን የቻለ፣ ጉልበተኛው ነው። ግራፊክስ ቺፕ የሚሠራው ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 ኦፕቲመስ የተባለውን ዘዴ ካመጣ ወዲህ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ድራይቨሩ፣ ማለትም ቺፑን የሚያዘው ሶፍትዌር፣ ነው። ድራይቨሩ የሚያውቃቸው ጌሞች ዝርዝር አለው። እዚያ ውስጥ የሌለ አሮጌ ጌም ቀላል ፕሮግራም ተደርጎ ሊቆጠርና ለደካማው ቺፕ ሊሰጥ ይችላል። ጉልበተኛው ቺፕ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ጌሙ እየሄደ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀርን መክፈት፣ ከዚያ ፐርፎርማንስ የሚለውን መመልከት። ሁለት ጂፒዩ (ግራፊክስ ቺፕ) ተዘርዝረው ይታያሉ። የተያዘው ደካማው ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ቺፕ መምረጥ ያስችላል፤ ዊንዶውስ 11 ላይም እንደዚያው ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ብሎ ገብቶ ጌሙን ጨምሮ ሃይ ፐርፎርማንስ የሚለውን መምረጥ ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የቆዩ ጌሞች ብዙ ጊዜ መክፈቻ መስኮት አላቸው፤ ዋናው ጌም የተለየ ፋይል ነው። መመረጥ ያለበት መክፈቻው ሳይሆን ዋናው ፋይል ነው።

ሁለተኛ ቺፕ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነ ሌላ ነገር ይታያል። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከራሙ ይጋራል። በአንድ ቁራጭ ራም ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ለግራፊክስ የሚደርሰው የመተላለፊያ አቅም ሁለት ተመሳሳይ ቁራጮች ካሉት ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ነው። የስክሪኑ ጥራትም ሸክም ይጨምራል። 3840 በ2160 የሆነ ስክሪን ላይ ያሉት ነጥቦች 1280 በ720 ላይ ካሉት ዘጠኝ እጥፍ ናቸው። የቆየ ጌም በስክሪኑ ሙሉ ጥራት ሲከፈት የተሠራበት ዘመን ካርድ አስቦት የማያውቀውን ሥራ ይጠይቃል። ጥራቱን ዝቅ አድርጎ መሞከር ምንም አያስወጣም።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያደክመው ግን የዳይሬክትኤክስ ጉዳይ ነው። ጌም ከግራፊክስ ካርድ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም፤ መሃል ላይ እንደ አስተርጓሚ የሚቆም ሶፍትዌር አለ። ዳይሬክትኤክስ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ ለጠፍጣፋ ምስል ዳይሬክትድሮው የሚባል ክፍል ነበረው። በ1990ዎቹ የወጡ ብዙ የስትራቴጂ ጌሞች በእሱ ነው የተሠሩት። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ ዊንዶውስ ይህን የድሮ መንገድ በማስመሰል ነው የሚያስኬደው። ባለ 8 እና ባለ 16 ቢት የቀለም ዘዴዎችም እንደዚያው ናቸው። ውጤቱ አስገራሚ ነው። 640 በ480 የሆነች ትንሽ ጌም ዋና ማውጫዋ ላይ የማውሱ ቀስት እየተጎተተ ይሄዳል፤ ከጎኗ የዛሬ ከባድ ጌም ሰተት ብሎ ይጫወታል። ችግሩ የአቅም እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

መፍትሄው የተሻለ አስተርጓሚ መስጠት ነው። ከታወቁት አንዱ ዲጂ ቩዱ 2 ነው፤ የድሮውን ትእዛዝ ወደ ዳይሬክት3ዲ (የዳይሬክትኤክስ የ3ዲ ምስል ክፍል) 11 ወይም 12 ይለውጣል። ሲወርድ የተጨመቀ ፎልደር ነው። ውስጡ ኤምኤስ የሚል ፎልደር አለ፤ በእሱ ውስጥ ደግሞ ኤክስ86 የሚል። እዚያ ያሉትን የዲኤልኤል ፋይሎች ኮፒ አድርጎ የጌሙ ዋና ፋይል ካለበት ጎን ማስቀመጥ ነው፤ የሚጫን ነገር የለም። ጌሙ ሲከፈት በስክሪኑ ጥግ ላይ የዲጂ ቩዱ ምልክት ከታየ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ምልክቱን ከመቆጣጠሪያ መስኮቱ ማጥፋት ይቻላል። ካልሆነም የተቀመጡትን ፋይሎች መሰረዝ በቂ ነው፤ ጌሙ ወደነበረበት ይመለሳል። ብቻ ጌሙ ከራሱ ጋር ያመጣው ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካለ አስቀድሞ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል።

ስሪዲኤፍኤክስ ለተባለው ኩባንያ ካርዶች፣ የኩባንያው የራሱ አስተርጓሚ በሆነው በግላይድ የተሠሩ ጌሞችም በዚሁ መንገድ ይድናሉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ንብረቱን ለኤንቪዲያ ለመሸጥ ተስማምቶ ከገበያ ወጣ፤ ጌሞቹ ግን ዛሬም ይጫወታሉ። ከዳይሬክት3ዲ 8 እስከ 11 ላሉት ደግሞ ዲኤክስቪኬ አለ፤ ትእዛዛቸውን ቩልካን ወደሚባለው አዲስ የግራፊክስ አስተርጓሚ ይለውጣል። ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ጌም ለሚጫወት ሰው ትልቅ ውለታ የዋለ ሥራ ነው። ይህ የትናንሽ ጌመኞች ጣጣ ብቻ አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 አርክ የተባሉትን ካርዶቹን ሲያወጣ ዳይሬክት3ዲ 9ን በትርጉም ነበር የሚያስኬደው፤ የቆዩ ጌሞች ላይ ያሳየው ድክመትም ብዙ አስወቀሰው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ድራይቨሩን ሲያሻሽል ፍጥነቱ በግልጽ ጨመረ። ካርዱ ያው ነበር።

ፕሮሰሰሩስ? እ.ኤ.አ. ከ2005 በፊት የወጡ ጌሞች በብዛት የሚጠቀሙት አንድ ኮር፣ ማለትም ከፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች አንዱን፣ ብቻ ነው። ስምንት የሥራ መስመር ባለው ፕሮሰሰር ላይ ታስክ ማናጀር 12 ወይም 13 በመቶ ላይ ቆሞ ሲታይ ላፕቶፑ ያረፈ ይመስላል። ጌሙ ግን ያለውን አንድ ኮር እስከ ጫፍ ተጠቅሞ ጨርሷል። እዚህ ላይ ኮር መብዛቱ አይረዳም፤ የሚረዳው የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው።

ያ ፍጥነት ደግሞ በሙቀትና በኃይል ይወሰናል። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራ የዘጋው ፋን፣ አልጋ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ፣ የደረቀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ሁሉም ወደዚህ ያመራሉ። የቆዩ ጌሞች የራሳቸው አመል አላቸው። ገደብ ካልተደረገባቸው ዋናው ማውጫ ላይ ብቻ በሰከንድ ብዙ መቶ ፍሬም ይሠራሉ፤ ጨዋታው ሳይጀመር ማሽኑ ይነዳል። ፍሬሙን ማሰር እዚህም ይጠቅማል። ባትሪ ላይ መጫወትም ፍጥነት ይቀንሳል፤ ግራፊክስ ቺፑ ሆን ተብሎ ይታሰራል። ቻርጀር ተሰክቶም ቢሆን ከላፕቶፑ ጋር ከመጣው ያነሰ ዋት ያለው ከሆነ ያው ነው። ከቻርጀሩ ጀርባ ያለውን ቁጥር ማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የዶስ ዘመን ጌሞች ሌላ ዓለም ናቸው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ እነሱን አያስኬድም፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ዶስቦክስ ያስፈልጋል። ዶስቦክስ ሳይክል በሚባል ቁጥር የድሮ ፕሮሰሰርን ፍጥነት ያስመስላል። ብዙ ጌም በ3000 ሳይክል ይጀምርና ይንቀራፈፋል፤ ሰው ጌሙን ይወቅሳል። ኮንትሮልና ኤፍ12 ሲጫኑ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ኮንትሮልና ኤፍ11 ይቀንሱታል። ድምፁ መንጫጫት ከጀመረ ላፕቶፑ ከሚችለው በላይ ተጠይቋልና ትንሽ መመለስ ነው።

ትናንሾቹ ምክንያቶች በአጭሩ ያልቃሉ። ከጀርባ ጌሙን የሚቀዳ ፕሮግራምና ጌሙ ላይ ተደርቦ የሚታይ መስኮት መዝጋት። ጌሙን ከድሮው ተሽከርካሪ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር። በሰከንድ 1000 ጊዜ ሪፖርት የሚያደርግ የጌሚንግ ማውስ አንዳንድ የቆየ ጌም ያቆራርጣል፤ ወደ 125 ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

አንዳንዴ ደግሞ አዲሱ ካርድ ራሱ የድሮ ነገር ይተዋል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣቸው የአርቲኤክስ 50 ካርዶች ሲወጡ ለባለ 32 ቢት ኩዳ (ካርዱ ላይ ስሌት የሚያሠራ የኤንቪዲያ ዘዴ) የሚሰጠው ድጋፍ ቀርቶ ነበር። ፊዝኤክስ የሚባለውን፣ የነገሮችን እንቅስቃሴ የሚያሰላ ሶፍትዌር በዚያ መንገድ የሚጠቀሙ የቆዩ ጌሞች የጭሱንና የስብርባሪውን ስሌት ፕሮሰሰሩ ላይ ጫኑት፤ ውዱ ካርድ እያለ ፍሬሙ ወደቀ። እንዲህ ሲሆን የዊንዶውስን ማስተካከያ መነካካት ትርፉ ድካም ነው። ጌሙ ውስጥ ገብቶ ፊዝኤክስን ማጥፋት ይበቃል።